ከሸራው ጀርባ የተጻፈው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥዕል ወዳጆች፣

የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ሜዳውን እያየ የሚመሰጥ ሥራ ፈት ነው። ዛሬ ይህን አስተሳሰብ ልሞግት ተነሥቻለሁ፤ ምስክር አድርጌ የማቀርበውም እንግሊዛዊውን ሠዓሊ ጆን ኮንስታብልን ነው።

ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1776 በሰፎልክ፣ ኢስት በርግሆልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የእህል ነጋዴና የወፍጮ ባለቤት ነበር። ልጁም በ1799 ለንደን ወደሚገኘው የሮያል አካዳሚ፣ ማለትም የአገሪቱ የሠዓሊዎች ማኅበር፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቤተሰቡ ንግድ ውስጥ ሠርቷል። ይህን እንደ ተራ የሕይወት ታሪክ አንለፈው። የነፋስ ወፍጮ የሚጠብቅ ሰው ሰማይን የሚያየው ውበቱን ለማድነቅ አይደለም። ነፋሱ አቅጣጫ ሲለውጥ ክንፎቹን ማዞር፣ ሲበረታ ደግሞ ሸራቸውን መሰብሰብ አለበት፤ ከተዘናጋ ወፍጮው ይሰበራል። ኮንስታብል ሰማይን ማንበብ የጀመረው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1821 እና በ1822 በለንደን ዳርቻ በሃምፕስቴድ የሠራቸውን የደመና ንድፎች ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ብዙዎቹ ላይ ዛፍም ቤትም የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው። ደመና ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ በትንንሽ ወረቀት ላይ፣ በዘይት ቀለም፣ በጥድፊያ ይሠራ ነበር። ከዚያም ወረቀቱን ገልብጦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍበታል። የዝግተኛው ገጠር ሠዓሊ የምንለው ሰው እጁ እንዲህ ፈጣን ነበር! የእርሱ ዝግታ ያለው ወደ አንድ ስፍራ ዓመት ከዓመት በመመላለሱ ላይ ነው።

የዘመኑ ሠዓሊዎች ወደ ጣሊያን ሲጓዙ እርሱ ዕድሜውን ሙሉ ከአገሩ አልወጣም። የስቱር ወንዝን፣ የአባቱን ወፍጮ፣ እነዚያኑ ዛፎችና ያንኑ መስክ ደጋግሞ ሣለ። በ1821 ለእይታ ያቀረበው «የድርቆሽ ጋሪ» ወርዱ 1 ሜትር ከ85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባዶ ጋሪ ወንዙ ውስጥ ገብቷል፤ በግራ በኩል የገበሬው የዊሊ ሎት ቤት ይታያል፤ በሩቁ መስክ ላይ ሰዎች ድርቆሽ ይሰበስባሉ። ሥዕሉ ግን የተሠራው ወንዙ ዳር ሳይሆን ለንደን ባለው ስቱዲዮው ነው፤ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ንድፎች እያገናዘበ፣ አስቀድሞም በዚያው መጠን ሌላ የሙከራ ሸራ ሠርቶ። ይህን ያህል ልፋት ዛሬ ማን ይደፍራል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያ መስክ ሰላም የሰፈነበት ይመስላል። ነገር ግን የእርሻ ሠራተኛው ኑሮ በደመወዝ ማነስና በሥራ ማጣት የከፋበት ጊዜ ነበር፤ በ1822 ሰፎልክ በሚገኝበት በምሥራቅ አንግሊያ ክልል ዐመፅ ተቀስቅሷል። ሥዕሉ ይህን አይነግረንም። በዚህ የሚወቅሱት ተቺዎች አሉ፤ እውነት አላቸው። ቢሆንም ከብዙ እኩዮቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሥራን ከሥዕሉ አላስወጣም። በሸራዎቹ ላይ ጀልባ ይታነጻል፣ ፈረስ ይጎትታል፣ የውኃ በር ይከፈታል። እኛ ግን ገጠርን ስንሥል ገበሬውን ብዙ ጊዜ ረስተነው ጎጆውን ብቻ እናስቀራለን።

«የድርቆሽ ጋሪ» ለንደን ላይ ሲታይ ገዢ አላገኘም። በ1824 ግን «ሳሎን» በተባለው የፓሪስ ታላቅ የሥዕል ዐውደ ርእይ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘለት። የአገሩ ሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል አድርጎ የመረጠው በ1829፣ በ52 ዓመቱ ነው፤ ያውም በአንድ ድምፅ ብልጫ። ባለቤቱ ማሪያ ሰባት ልጆች ትታ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች ገና ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር። ሹመቱ ምን ያህል እንዳጽናናው እናንተው ገምቱ።

በዚህ አዳራሽ ሥራችሁን ያቀረባችሁ ሠዓሊዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። ከሸራችሁ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ። ከመግቢያው አጠገብ የተሰቀሉትን ጥቂት ሥዕሎች ቅድም ደፍሬ ገልብጬ አይቻለሁ፤ ከዋጋ በቀር የተጻፈባቸው ነገር የለም።

አመሰግናለሁ።