ከሰባት ፍሬም አንውረድ

የተከበራችሁ ዳኞች፣ አሰልጣኞችና ተጫዋቾች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለስኑከር የነጠላ ውድድራችን ግጥሚያው ከሰባት ወደ ሦስት ፍሬም ይጠር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ፍሬም ኳሶቹ ተደርድረው አሸናፊው እስኪለይ የሚደረግ አንድ ጨዋታ ነው፤ ከሰባቱ አራቱን፣ ከሦስቱ ደግሞ ሁለቱን ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል። የቆምኩት ልቃወመው ነው።

የእስያ ጨዋታዎችን ታስታውሳላችሁ። ቻይናዊው ዲንግ ጁንሁይ እ.ኤ.አ. በ2002 ቡሳን ላይ በ15 ዓመቱ የነጠላውን ወርቅ ወሰደ። በ2006 ዶሃ ላይ በነጠላ፣ በጥንድና በቡድን ሦስት ወርቅ አገኘ። በ2010 ጓንግዡ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ለፍጻሜ ቀርቦ በሆንግ ኮንጉ ማርኮ ፉ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ፉ ወርቁ ይገባዋል። ነገር ግን እዚያ ለማሸነፍ 4 ፍሬም በቂ ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ 18 ይጠይቃል። አራቱን ወደ ሁለት እናውርድ ነው የምትሉን?

የመክፈቻውን ምት ብቻ ውሰዱ። በዱላ የሚመታው ነጩ ኳስ በቢጫውና በቡናማው መካከል ይቀመጣል፤ ከመሃሉ ወደ ቀኝ ተመትቶ የቀዮቹን ክምር ጥግ በስሱ ነክቶ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ዞሮ ከአረንጓዴው ኋላ እንዲያርፍ ይፈለጋል። ክምሩን በወፍራሙ ከመታ ቀዮቹ ይበተናሉ። የጎን ሽክርክሪቱ ካነሰ ደግሞ ነጩ ሰማያዊውን ገጭቶ መሃል ሜዳ ይቀራል። ያኔ ተጋጣሚው አንድ ሩቅ ቀይ ካስገባ፣ ከጥቁሩ ጋር እያፈራረቀ በ10 ቀይና በ10 ጥቁር (ቀዩ 1፣ ጥቁሩ 7 ነጥብ ነው) 80 ነጥብ ሰብስቦ ፍሬሙን ይዘጋዋል። በሦስት ፍሬም ግጥሚያ ይህች አንዲት ምት የግጥሚያውን ግማሽ ወሰደች ማለት ነው። ይህ ብቃት መለኪያ አይደለም፤ ዕጣ ነው!

«ተመልካች ይሰለቻል» ይሉናል። ተመልካቹን የሚያሰለቸው ተከላካይ ምት፣ ማለትም ለተጋጣሚ ቀላል ዕድል ላለመተው የሚመታው፣ ለምን እንደተመታ የሚያስረዳው ማጣቱ ነው! አስረዱት፤ ፍሬሙን ግን አትንኩ! ከጓንግዡ ወዲህ በኢንቾን፣ በጃካርታና በሃንግዡ የእስያ ጨዋታዎች ላይ ስኑከር አልነበረም። መድረኩ ራሱ እየጠፋ ባለበት ጊዜ የቀረንን በእጃችን እንቆርጣለን?

ሰዓቱን አስልቼዋለሁ። 16 ተጫዋች 15 ግጥሚያ ነው። ለአንድ ፍሬም ግማሽ ሰዓት ብንይዝ ሰባቱ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ። በሁለት ጠረጴዛ የመጀመሪያው ዙር ሁለት ቀን፣ ሩብ ፍጻሜው አንድ ቀን፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜው አንድ ቀን፤ በአራት ቀን ያልቃል።

የጠረጴዛው ጨርቅም ይታሰብበት፤ ከየግጥሚያው በፊት ከቡናማው ወደ ጥቁሩ አቅጣጫ ብቻ ይቦረሽ። በተቃራኒው ከተቦረሸ ዝግ ያለ ኳስ መስመሩን ይስታል።

ሰባት ፍሬም፣ 16 ተጫዋች፣ አራት ቀን። ለድምፅ እንዲቀርብልኝ እጠይቃለሁ።