ቫዮሊኖቹን ማን ገደላቸው?

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በጌም ሙዚቃ ውስጥ የቮይስ ገደብና የቅድሚያ አሰጣጥ» የሚል ነው። ቮይስ ማለት ጌሙ በአንድ ጊዜ ከሚያጫውታቸው ድምፆች አንዱ ነው፤ ቦታው ሲሞላ ማን እንደሚቆይ የሚወስነው ቅድሚያው ነው። ርዕሱን ሰምተው ገና ከአሁኑ የሚያዛጉ እንዳሉ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አልፈርድባችሁም። እኔም ለብዙ ጊዜ ይህን ነገር ሴቲንግ ውስጥ ጥጉ ላይ ያለች ቁጥር አድርጌ ነበር የማየው። አንድ ቀን ያቺ ቁጥር አዋረደችኝ። ዛሬ እሱን ልናዘዝ ነው የመጣሁት።

የምንሠራው ጌም አንድ ትልቅ የቦስ፣ የዋናው ጠላት፣ ፍልሚያ ነበረው። ሙዚቃው አራት ሌየር ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ። ተጫዋቹ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን ይጀምራሉ። ጥቂት እንደሄደ ባሱ ይገባል። ቦሱ ሲነሳ ከበሮው። የቦሱ ጉልበት ከግማሽ በታች ሲወርድ ደግሞ ኳየሩ። ሙዚቃውን የጻፈችው ልጅ ለዚያች የቫዮሊን ዜማ ስንት ሌሊት እንዳመሸች አውቃለሁ። አጠገቧ ነበር የምቀመጠው።

ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ጌሙን ከምንሠራበት ሞተር ከዩኒቲ የራሱ የድምፅ ሲስተም ወጥተን ዋይዝ ወደሚባለው የጌም ድምፅ ሶፍትዌር ተሻገርን። የገባችሁ ሰዎች ከወዲሁ እየሳቃችሁ ነው። ላልገባው ልንገር። በዩኒቲ የድምፅ ቅድሚያ ከ0 እስከ 256 ነው። ከሁሉ የሚበልጠው 0 ነው። ሙዚቃ እንዳይቆረጥ 0 ስጡት ብሎ ማኑዋሉ ራሱ ይመክራል። ካልነካችሁት 128 ላይ ይቀመጣል። ዋይዝ ግን ከ0 እስከ 100 ነው፤ የሚበልጠውም 100 ነው። 0 ጭራ ነው። እኔ ደግሞ ብልጥ ሆኜ ቁጥሮቹን የምታሻግር ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ታዛዥ ስክሪፕት ነበረች። 0ን እንደ 0 አሻገረችው። ከ100 የበለጠውን ሁሉ 100 ላይ ቆረጠችው። ስለዚህ ማንም ያልነካቸው ባለ 128 ድምፆች፣ ኮቴው፣ ጠጠሩ፣ የጨርቅ ኮሽታው ሳይቀር፣ 100 ይዘው ነገሡ። ሙዚቃው 0 ይዞ በሩ ላይ ቀረ።

ይህን ማን አወቀ? ማንም። ቢሮ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ገደቡ ሰፊ ስለነበር ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል። ስልክ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ከ32 ቮይስ በላይ እንዳይጫወት ወስነን ነበር። ቦሱ ሲነሳ ጭፍሮቹ ይወጣሉ። ኮቴ፣ ሰይፍ፣ ድንጋይ፣ ጩኸት። 32ቱ ይሞላል። ሞተሩ የሚጥለው ሲፈልግ ዝቅ ብሎ የሚያገኘው ሙዚቃውን ነው። አራቱም ሌየሮች እኩል 0 ናቸው። እኩል ሲሆኑ «የቆየው ይውጣ» የሚለውን ነበር የመረጥነው። ከአራቱ የቆየው ማነው? ዋሻው በር ላይ የጀመሩት ቫዮሊኖቹ።

ቫዮሊኖቹ ሞቱ። በየስልኩ፣ በየፍልሚያው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድም ቴስተር፣ ጌሙን የሚፈትሽ ሰው፣ ባግ (ስህተት) አልመዘገበም። በዚያው ሰሞን አንዲት በር ስትከፈት ሲጥ አላለችም ተብሎ አራት ሰው በተለያየ ቀን ባግ መዝግቧል። አራት ሰው! ለአንዲት በር!

ልጅቷስ? እሷማ ሰምታለች። ስልኳ ላይ ተጫውታ፣ ሰምታ፣ ዝም አለች። በኋላ ስጠይቃት «ያልወደዳችሁት መስሎኝ ነው» አለችኝ። «አውጥታችሁት ለመንገር ያፈራችሁ መስሎኝ።» ይቺ መልስ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

ስልኩን በኬብል አገናኘንና ፕሮፋይለሩን፣ የትኛው ቮይስ እየተጫወተ እንደሆነ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ከፈትን። ቦሱን ቀሰቀስነው። ቮይሶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ የቫዮሊኖቹ መስመርም መሐላቸው አለች። አንድ ጭፍራ ተራመደ። መስመሯ እልም አለች። ቦታዋን የወሰደው ከግድግዳ ጀርባ ያለ፣ ተጫዋቹ ሊያየው የማይችል፣ ድምፁም እዚህ ግባ የማይባል ኮቴ ነው። እሷ ዝም ብላ አየችው። እኔ ወንበሬ ላይ አነስኩ። ማረሙ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«ጥፋቱ ያንተ ስክሪፕት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ስክሪፕቷ የኔ ናት። ግን እስቲ ያለ ስክሪፕት እንየው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ድምፅ 100 ላይ ሲሰቅል አይታችሁ አታውቁም? የጦር መሣሪያው ቡድን 100። የንግግር ቡድኑ 100። የሜኑ ቁልፍ የሠራው ልጅ እንኳ 100። ሙዚቃውም 100 ይሰጠው እንበል። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ዳኝነቱ ወደ «የቆየው ይውጣ» ይሄዳል። ሰይፍ ግማሽ ሰከንድ ጮሆ ያልቃል። ኮቴ ከዚያም ያንሳል። ሙዚቃ ሉፕ ነው፤ እየዞረ ይደጋገማል፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ የቆየው እሱ ነው! ማንም ሳይፈርድበት፣ ማንም ስሙን ሳይጠራ፣ ገና ፋይሉ ሲፈጠር ተፈርዶበታል። እና ይህን ሴቲንግ ማን መረጠው? የሙዚቃ ደራሲዋ ክፍሉ ውስጥ ነበረች? ተጠይቃለች? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!

(ጭብጨባውን ትንሽ ቆጥቡልኝ፤ ሰዓቴ እየሄደ ነው።)

ገደብ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ስልኩ ሁሉንም ልጫወት ካለ ይሞቃል፣ ባትሪውን ይበላል፣ ድምፁም ይንተፋተፋል። ገደብ ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ ፋሚኮም አምስት የድምፅ ቻናል ብቻ ነበረው። ተጫዋቹ ሲዘል የዝላዩ ድምፅ ከሙዚቃው ላይ አንድ ቻናል ይነጥቅ ነበር። ሱፐር ፋሚኮም 8 ነበረው፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 24። የዚያን ጊዜ ደራሲዎች ግን ይህን ያውቁ ነበር። ሲጽፉ የትኛው ቻናል እንደሚነጠቅ አውቀው ነው ዋናውን ዜማ የት እንደሚያስቀምጡ የሚወስኑት። ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል ለጌም ኩባንያው ለሉካስአርትስ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1991 ጌም ላይ የዋለው አይሚዩዝ የተባለው የሙዚቃ ሲስተምም ለየመሣሪያው ክፍል ቅድሚያ ነበረው። የሚዲ (ኖታን ለመሣሪያ የሚያስተላልፍ ቋንቋ) ቻናል ሲያጥር ማን ቦታ እንደሚለቅ ሙዚቃውን የሚያውቅ ሰው ይወስናል። ዛሬስ? ዛሬ ደራሲዋ ገደቡን የምትሰማው ጌሙ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ «ትንሽ ቀንሺልን» ተብላ። ምኑን? ዜማ እንደ ሽንኩርት ይላጣል እንዴ!

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ቁጥሩን ከደራሲዋ ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ፤ ያውም የመጀመሪያው ኖታ ሳይጻፍ። «ለሙዚቃ ስምንት ቮይስ አለሽ፤ ከጠበበ መጀመሪያ የሚወጣው የትኛው ነው?» በሏት። ትነግራችኋለች። «ኳየሩን አውጡት፤ ቫዮሊኑን አትንኩ» ትላለች። ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

የቀረውን በፍጥነት ልበለው።

ስምንት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንዱ ሙዚቃ ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚወጣው አራት ሌየር ጭራው ሳያልቅ የሚገባው አራት ሌየር ይጀምራል። ለሁለት ሰከንድ ያህል ስምንት ናቸው። ገደቡን አራት ካደረጋችሁት ጭራው በቢላ እንደተቆረጠ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ቮይሱን መግደልና ዝም ማሰኘት አንድ አይደለም። ቨርቹዋል የሆነ፣ ማለትም ዝም የተሰኘ፣ ቮይስ ባይሰማም ሰዓቱ ሊቆጥር ይችላል። ሲመለስ ሰዓቱ ከደረሰበት ቦታ እንዲቀጥል አድርጉት። ራሳችን በጻፍነው አንድ ሞተር ላይ ይህን ረስተን ነበር። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ነው፤ አንድ ባር፣ አራት ምት፣ ሁለት ሰከንድ ማለት ነው። ከበሮው ሰባተኛው ባር ላይ ሆኖ ባሱ ከአንደኛው ጀመረ። ሁለት ባንድ በአንድ መድረክ ላይ የተጣሉ ነበር የሚመስለው።

ሦስተኛ፣ ኮቴን ለብቻው ገድቡት። ስድስት ኮቴ በአንድ ጊዜ እየተሰማ ሰባተኛውን የሚቆጥር ተጫዋች የለም። የራቀ ነገር ቅድሚያውም በርቀቱ ልክ ይቀንስ።

ስለ ስትሪሚንግም ጽፌ ነበር፤ ግን ሰዓት አልቋል፣ እሱን ከሻይ በኋላ ጠይቁኝ።

የዚያን ቀን ከፕሮፋይለሩ የቀዳነውን ድምፅ ይዤ መጥቻለሁ። አርባ ሰከንድ ነው። ልጅቷ እንድናሰማው ፈቅዳለች፤ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ዞራችሁ አታፍጡባት። ቫዮሊኖቹ የሚጠፉት ከበሮው ከገባ በኋላ ነው፤ ኮቴውን ከሰማችሁ እጃችሁን አንሱ። በል ወንድሜ፣ ክፈትልኝ።