ኮሪደር ላይ የምትጮኸው «ወፍ»፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር ድንጋይ አቀያየር

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ነጭ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ዓመቱን ሙሉ ዝም ትልና አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ጢጥ» ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደሞ «ጢጥ»፣ እናንተም ትራስ ጆሯችሁ ላይ ጭናችሁ ስትገላበጡ ታድራላችሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር ናት፣ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ ቤት ውስጥ ሲኖር ጮኻ የምታስጠነቅቅ። ሌሊት የምትመርጠው ደሞ ለተንኮል አይደለም፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደከመ ባትሪ ጉልበቱ ይበልጥ ስለሚወርድ ነው።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ይሄን ቪዲዮ ያሠራችኝ እናቴ ናት። አንድ ዊንተር ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ጠዋት ስትነሳ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ወፍ ገብቷል መሰለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ» አለችኝ። ወፍ አይደለም እማዬ ድንጋይ አልቆ ነው ስላት «ታዲያ አውጣና ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ይነቃል!» የሬዲዮ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ አስጥታችሁ፣ እምቢ ሲል በጥርስ ነክሳችሁ ያደጋችሁ ይገባችኋል። እኔስ ምን አደረግኩ፣ ባትሪውን መዝዤ ኪችን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፣ ጩኸቱ ቆመ፣ ነገ እገዛለሁ አልኩ። ያ ነገ ሁለት ወር ፈጀ። በነዛ ሁለት ወራት ደሞ እናቴ ስላለች ቅዳሜና እሁድ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሂተር በርቶ፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። አሁን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ምክንያቱም እኛ ሀበሾች የምንፈራው ጭሱን ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ አራግበን፣ ጭሱ ይውጣለት ብለን፣ ፍም ሲሆን ወደ ቤት እናስገባለን። ጭሱ ወጣ ማለት ግን ጋዙ ወጣ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚፈጠረው የሚነድ ነገር በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቀር ነው፣ እና ያ የሚያምረው ቀይ ፍም፣ አመድ ለብሶ እየከሰመ ያለውም ጭምር፣ ሳይታክት ያወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ስለሚጣበቅ እየተነፈሳችሁም ቢሆን ሰውነታችሁ አየር ያጣል። ራስ ምታት ይጀምራል፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ጉንፋን የያዛችሁ ይመስላል ግን ትኩሳት የለውም። እኛ ቤት እኮ ከቡና በኋላ ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ዕጣኑ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ሁለተኛውን ስኒ ስላልጠጣህ ነው ይባላል፣ ከሰሉን የሚጠረጥር የለም። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ካመመው፣ ወጣ ሲሉ ደሞ ቀለል ካለ፣ ጉንፋን አይደለም።

ከሰል ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በጋዝ የሚሠራ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያው) እና ውኃ ማሞቂያ፣ ጄኔሬተር፣ ከቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥ ውስጥ የተነሳ መኪና፣ ሁሉም ያወጣሉ። ሲዲሲ፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ እንደሚለው አሜሪካ ውስጥ የእሳት አደጋ ሳይቆጠር በየዓመቱ ከ400 ሰው በላይ በዚህ ጋዝ ይሞታል፣ ከ100,000 በላይ ደሞ ኢመርጀንሲ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2021 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ ያን በረዶ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ሰው ግሪል ቤት ውስጥ እያስገባ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና እያስነሳ ሊሞቅ ሲል ነው ብዙ ሰው የተጎዳው፣ ከሞቱት ውስጥ ሂውስተን የነበሩ የኛው አገር እናትና ትንሽ ልጅ ነበሩበት። እሱን ዜና ያነበብኩ ቀን ነው መሳቢያዬ ትዝ ያለኝ።

እሺ ወደ ስራው እንግባ። መጀመሪያ ድምፁን እንለይ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በየ 30 ሴኮንዱ ወይ በየደቂቃው አንዴ «ጢጥ» ብቻ ካለች ባትሪ ጨርሻለሁ ወይም እርጅና ነው ማለቷ ነው። አራት ጊዜ በኃይል «ጢጢጢጢ» ብላ ቆም፣ እንደገና አራት ጊዜ ከሆነ ግን ጋዝ አለ። ሦስት ሦስት ጊዜ ከሆነ ያ የጭስ አላርሙ ነው። አራቱን ከሰማችሁ ባትሪ ልቀይር፣ ጫማ ልፈልግ፣ ጀበናውን ላውርድ የለም፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ደጅ ሆናችሁ ደውሉ፣ አሜሪካ 911 አውሮፓ 112፣ ፋየር ዲፓርትመንት መጥቶ ለክቶ ግቡ እስኪላችሁ አትመለሱ። መስኮት ከፍታችሁ ጩኸቱ ስለቆመ ሰላም ነው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደሞ ልብ በሉልኝ፣ አልጮኸም ማለት የለም ማለት አይደለም። አሜሪካ የሚሸጡት አላርሞች የተሠሩበት ስታንዳርድ፣ ዩኤል 2034 ይባላል፣ 70 ፒፒኤም ላይ ከ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ 150 ላይ ከ 10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ 4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጩህ ነው የሚለው። ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ይሄን ያህል ጋዝ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰል ይዛችሁ ሥሯ ቆማችሁ «ይኸው ምንም አላለችም» እንዳትሉኝ፣ አንድ ወዳጄ እንደዛ ነው የሞከረው።

(ካሜራው ኮሪደር ላይ ወዳለው ዲቴክተር ይጠጋል)

ይቺ የኔዋ ናት። ሁለት ዶብል ኤ ድንጋይ ነው የምትበላው። አንዳንዱ ሦስት ነው፣ የድሮዎቹ ባለ 9 ቮልት አራት መዓዘኗን ድንጋይ የሚበሉ ናቸው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ ሊኖረው ይችላል፣ የሱን ደሞ ሰው ፈጽሞ አያስታውሰውም። እንዲህ ይዤ ወደ ግራ ሳዞራት ከግድግዳው ትለቃለች፣ ቀስ ብላችሁ፣ ኃይል አያስፈልግም። ጀርባዋ ላይ ይቺ ክዳን አለች፣ በአውራ ጣት ገፋ፣ ተከፈተች። ድሮውን ድንጋይ አወጣሁ። አሁን አዲሱን ከማስገባቴ በፊት የቴስት በተኗን ለ 15፣ 20 ሴኮንድ ያህል ተጭኜ እይዛለሁ፣ ውስጧ የቀረች ትንሽ ኤሌክትሪክ እንድታልቅ ነው፣ ይሄን ያልተደረገ እንደሆነ አንዳንዷ አዲስ ድንጋይ በልታም መጮኋን አትተውም።

አዲሱን ሳስገባ፣ ፕላስና ማይነሱን አይታችሁ። ይቺ ቀይ ፕላስቲክ ትታያችኋለች? ባትሪ ከሌለ ትነሳና ክዳኑ አይዘጋም፣ እንደኔ አይነቱ ሰው አውጥቶ እንዳይረሳ ነው የተሠራችው፣ እኔ ግን ዲቴክተሯን ክዳኗን እንደከፈተች ቁም ሳጥን ላይ ነበር ያስቀመጥኳት እና ምን ታድርግ። የባትሪው ዓይነት ጀርባዋ ላይ ተጽፏል፣ አልካላይን ካለ አልካላይን ነው፣ የሚቻርጅ ባትሪ አታስገቡ፣ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጋችሁም አትቀላቅሉ፣ ከሪሞት ላይ ነቅላችሁ ደሞ አታምጡብኝ። እና በማርከር የዛሬን ቀን ድንጋዩ ላይ ጻፉበት፣ እኔ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ድንጋዩን ቀይሬም «ጢጥ» ካለችስ? እዚህ ጋ ሰው ይናደድና ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል። መጀመሪያ እሷ መሆኗን አረጋግጡ፣ ሥሯ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፣ ብዙ ጊዜ የምትጮኸው ሌላዋ ናት፣ ኮርኒስ ላይ ያለችው የጭስ አላርም፣ ወይ የሆነ ሰው ቤዝመንት ካርቶን ውስጥ የረሳት። እኔ አንዴ አንዷን ሦስት ጊዜ ድንጋይ ቀይሬላት ጥፋተኛዋ የጎኗ ሆና አግኝቻለሁ። እሷው ከሆነች ድንጋዩ በደንብ መግጠሙን፣ የሚነካበት ብረት ዝገት ወይ ነጭ ዱቄት አለመያዙን እዩ። ይሄም ካልሆነ ዕድሜዋ አልቋል።

አዎ ዕድሜ አላት። ውስጧ ያለው ሴንሰር ጋዙ ሲነካው በኬሚካል ሪአክሽን ትንሽዬ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነገር ነው፣ ያ ኬሚካል እየደከመ ይሄዳል፣ የድሮዎቹ 5 እና 7 ዓመት፣ አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ 10 ዓመት ነው። ጀርባዋ ላይ የተሠራችበት ቀን አለ፣ መቀየሪያ ቀንም ያለው አለ፣ አሁኑኑ ቪዲዮውን ፖዝ አድርጋችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ እጠብቃለሁ። ቤት ስትገዙ ወይ ስትከራዩ ያገኛችኋትን ደሞ አትመኑ፣ የስንት ዓመት እንደሆነች አታውቁም። እና የቴስት በተኑ ይሄን አይነግራችሁም! የሚፈትነው ባትሪውን፣ ሰርኪዩቱንና ጩኸቷን ነው፣ ሴንሰሩ ጋዝ ማሽተት መቻሉን አይደለም። ስለዚህ የ 12 ዓመት አሮጊት ሆናም በተኑን ስትጫኗት በደንብ ትጮህላችኋለች። የ 10 ዓመት ባትሪ ታሽጎባት የምትሸጠዋ ደሞ ክዳን የላትም፣ እሷ ስትጮህ ድንጋይ ፍለጋ በካቻቢቴ እንዳትፈቷት፣ ጀርባዋ ላይ የምትጠፋበት ማብሪያ አለ፣ አጥፍታችሁ ሙሉዋን በአዲስ መቀየር ነው። አዲስ የ 20፣ የ 40 ዶላር ነገር ናት። ተከራይ ከሆናችሁ ለማኔጅመንቱ በጽሑፍ ሪክዌስት አስገቡ፣ ሳምንት ከቆዩባችሁ ግን ራሳችሁ ግዙት፣ በዚህ ላይ ክርክር አያዋጣም።

ጽዳቷ ቀላል ነው፣ በቫኪዩም ለስላሳ ብሩሽ ቀዳዳዎቿን አቧራ መሳብ፣ ውጪዋን እርጥብ ጨርቅ። ስፕሬይ አትርጩባት፣ በረኪና፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ ቀለም፣ እነዚህ ሴንሰሩን ይጎዱታል፣ ቤት ስታስቀቡ አውርዳችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡና ሲደርቅ መልሱ። ቦታዋ ከመኝታ ክፍሎች ደጅ፣ በየፎቁ አንዳንድ፣ ተኝታችሁ የምትሰሙበት። ኪችን ምድጃው ራስጌ፣ ሻወር አካባቢ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አይሆንም። ጋዙ ከአየር ጋር በክብደት ተቀራራቢ ስለሆነ ወለል ጋ ነው ኮርኒስ ጋ ነው የሚለው ክርክር ብዙም አያስጨንቃችሁ፣ ማኑዋሉ የሚለውን አድርጉ።

አሜሪካኖቹ ሰዓት ሲቀየር፣ ማርችና ኖቬምበር፣ ባትሪም ቀይሩ ይላሉ። እኔ ግን ሰዓቱን ስልኬ ራሱ ስለሚቀይረው አላስታውስም፣ ስለዚህ እንቁጣጣሽ አድርጌዋለሁ። ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ሂተር ከመነሳቱ በፊት፣ ቤት ሲጸዳ አብሮ ይሄዳል። ቴስቱን ደሞ በወር አንዴ። ቡናውስ? ካላችሁኝ አሁን ጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው፣ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ፣ እናቴ በቪዲዮ ኮል ስታየን ያለ ፍም ቡና ነው ወይ ትላለች፣ ትበል።

በቃ መልሼ ልስቀላት። ወደ ቀኝ፣ ቀጭ አለች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፣ አያችኋት? አሁን ቴስት ልጫን ነው፣ ኢርፎን ያደረጋችሁ አውልቁ፣ ልጆቹንም ንገሯቸው እንዳይደነግጡ... ጢጢጢጢ። አራት። እንደገና ጢጢጢጢ።