ቂብላው አንድ፣ አሠራሩ ብዙ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የደሴ ወጣቶች፣ አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ!

ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ መካ ከደሴ በቀጥታ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ሰሜን ናት። በከተማችን ለሶላት የቆመ ሰው የጦሳን ተራራ በስተግራው የሚያደርገው ለዚህ ነው። የእስልምና ሥነ ሕንፃም የሚነሳው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ሚህራቡ፣ ማለትም በመስጊዱ ግድግዳ ላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ቂብላውን፣ የሶላቱን አቅጣጫ፣ ያሳያል፤ ሰፉም፣ የሰጋጆቹ ረድፍ፣ በዚያው ይደረደራል። ጉልላትና ሚናራ በኋላ የመጡ ናቸው። የነቢዩ መስጊድ በመዲና መጀመሪያ ሲሠራ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያለው ግንበኛ የለመደውን ሙያ ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ706 በተጀመረው የደማስቆ ታላቅ መስጊድ የባይዛንታይን ጥበብ ዛፍና ወንዝ ሆኖ በወርቃማ ሞዛይክ ይታያል። ፋርሶች ጡቡን በሰማያዊ ሸክላ አለበሱት። የኦቶማኑ መሐንዲስ ሲናን በቱርክ፣ ኤዲርኔ ከተማ 31 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጉልላት ለስምንት ምሰሶ አሸከመው።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ በስፔን ያለው የኮርዶባ መስጊድ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ግንበኞቹ ከፈረሱ ጥንታዊ ሕንፃዎች የሰበሰቧቸው ምሰሶዎች አጫጭር ነበሩ። ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይጫን ቅስት በቅስት ላይ ደረቡ፤ ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይም አፈራረቁበት። ዓለም የሚያደንቀው ውበት የተወለደው ከምሰሶ ማጠር ነው!

በማሊ፣ ጀኔ ከተማ ደግሞ ታላቁ መስጊድ ጭቃ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ ወጥቶ ይለስነዋል፤ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉት እንጨቶችም መወጣጫ ይሆኑታል። የጭቃ ቤት የሚያሳፍረው ወገን ካለ ይህን ይመልከት።

የወሎ የድሮ መስጊድም ጥድና ወይራ፣ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃና የሳር ክዳን ነው። በልጅነቴ የቀራሁበት መስጊድ መሃል አንድ የጥድ ምሰሶ ነበር። ደረሶች፣ የቁርኣን ተማሪዎቹ፣ ሉሓቸውን፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ይዘው እየተደገፉት ስለኖሩ፣ ተቀምጦ የሚቀራ ሰው ትከሻ እስከሚደርስበት ድረስ ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን መጥረቢያው ያረፈበት ምልክት እንዳለ ነበር። ሰጋጁ ስለበዛ መስጊዱ ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ። መስፋቱ ተገቢ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ማንም ሳይለካው፣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሳ መፍረሱ ነው። ምሰሶው ማገዶ ሆነ።

ስለዚህ እናንተ የግንባታ ሙያ ተማሪዎች፣ ሜትርና እርሳስ ይዛችሁ ወደየቀዬአችሁ ሂዱ። የግድግዳውን ውፍረት፣ የምሰሶውን ብዛት፣ የሚህራቡን ቅርጽ መዝግቡ። ማን እንደሠራው፣ እንጨቱ ከየትኛው ጫካ እንደተቆረጠ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ክረምት ሳይገባ ጀምሩ፤ ያረጀ የሳር ክዳን ዝናብ አይችልም።

አመሰግናለሁ።