እስክነግርህ ድረስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከደሴ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ብርዱም ጀማምሮታል። ወሩ ወርኃ ጽጌ ስለሆነ ስለ ስደት ላወራችሁ ነው።

እንደምታውቁት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስባለች። ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ይቆማል፣ እስከ እሑድ ንጋት። ልጅ ሆኜ ጽጌ ለእኔ አበባና ከበሮ ነበር። ስደቱን ልብ ያልኩት በ2014 ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ደሴ የደረሰው ጥቅምት 20 ገደማ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ፣ ማኅሌት የሚቆምበት ማታ። ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ ተፈናቅለው ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች እንደገና ብድግ አሉ። ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ እናቱን የሚደግፍ፣ ሁሉም ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ይወርዳል። ኮምቦልቻም ብዙ አልቆየችም።

ከዚያ ወዲህ ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ እቆማለሁ። መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም፣ ተነሣ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ፣ እስክነግርህ ድረስ በዚያ ተቀመጥ ይለዋል። በቃ። ስንት ወር? አልተባለም። ማን ይቀበላቸዋል? እሱም አልተባለም። በትውፊታችን ስደቱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ እንደቆየ እንማራለን። እኛ መጨረሻውን አውቀን ነው የምናነበው። ዮሴፍ ግን በዚያች ሌሊት ጓዙን ሲሸክፍ የሚያውቀው መሄድ እንዳለበት ብቻ ነው። ጻድቅ ነው፤ ነገን ግን አያውቅም። ግራ የገባውን ሰው ሁሉ እምነት የጎደለው አድርገው የሚያዩ ወንድሞች አሉን። እኔ በዚህ አልስማማም።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ የሚከብደኝ ነገር አለ። ሄሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት አስፈጀ። ለእነዚያ እናቶች በሕልም የመጣ መልአክ የለም። ወንጌላዊው ይህን አልሸፈነውም። የኤርምያስን ቃል ጠቅሶ፣ ራሔል ስለ ልጆቿ አለቀሰች፣ የሉምና መጽናናትን እንቢ አለች ብሎ ይጽፋል። አይገሥጻትም። አይዞሽም አይላትም። እንቢታዋን እንዳለ ወንጌል ውስጥ አስገባው።

ይህን የምላችሁ አንዲት ጎረቤታችንን እያሰብኩ ነው። በዚያ ሰሞን ስልክ ሲቋረጥ ልጇ መንገድ ላይ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ከተማው ነጻ ሲወጣ፣ ኋላም ኔትወርክ ሲመለስ፣ የሁላችንም ስልክ እየጮኸ የእሷ ዝም አለ። እኛ ደግሞ ማጽናኛ አናጣም፤ «ሁሉም ለበጎ ነው» እንላለን። አንድ ቀን ቡና ላይ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «ልጆቼ፣ እሱን ቃል እንኳ ተዉልኝ» አለች። ዝም አልን። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ብቻ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አላለችም። ቡናው እስከ በረካ እዚያው ነበረች።

ይህች እናት ዳዊት ትደግማለች። መዝሙር 12 ላይ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚል አለ። መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ መታመን ይመለሳል። እሷ ግን አንዳንድ ቀን እዚያው «እስከ መቼ» ላይ ታቆምና ዳዊቷን ትዘጋለች። በማግስቱ እንደገና ትከፍታለች። እኔ እንደሚገባኝ ያ ሙሉ ጸሎት ነው። እግዚአብሔር የሚሰማ ባይመስላት «እስከ መቼ» ብላ ማንን ትጠይቃለች? ተስፋ የቆረጠ ሰው አይሟገትም። በጨለማው ውስጥ ትርጉም የምፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ መከራው ለምን እንደመጣ ከሚተነትነው ስብከት ላይ አላገኘሁትም። ለምን እንደመጣማ ዛሬም አላውቅም።

ስለዚህ ሰው ያዘነበት ቤት ስትሄዱ፣ እባካችሁ፣ አታስረዱ። ቁጭ በሉ።

ቅዳሜ ማኅሌት እቆማለሁ። ዜማውን ባትችሉም ኑ፤ ግድግዳ ተደግፎ መስማትም ይቻላል። የራቀባችሁ፣ የት እንዳለ የማታውቁት ሰው ካለ ደግሞ የክርስትና ስሙን ላኩልኝ። ጽፌ ይዤው እገባለሁ።