ይቆጠራል ወይስ ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፤ ቻሉኝ።

ስለ አንድ ሰዓሊ ላወራችሁ ነው። ስፓይደርማንን የማያውቅ አለ? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቲሸርት ላይ አለ። ያንን ልብስና ያንን ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭምብል የፈጠረው ስቲቭ ዲትኮ ይባላል። በፈረንጆቹ 1962። ዶክተር ስትሬንጅ የሚባለው አስማተኛ ጀግናም የእሱ እጅ ነው። እኔ እንግዲህ ስዕል እንጀራዬ ነው፤ ስለ እሱ በደንብ የሰማሁት ግን በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ በ90 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነው። ያሳፍራል።

ስፓይደርማን መጀመሪያ የወጣው በስዕል በሚተረክ መጽሔት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቁጥር 33 የሚባለውን እትም አግኝታችሁ እዩት። ስፓይደርማን ከባድ ማሽን ተጭኖት ወድቋል። ውሃ ከላይ ይንጠባጠባል። አክስቱ ሜይ ሆስፒታል ልትሞት ነው። የሚያድናት መድኃኒት ፊት ለፊቱ አለ፣ እጁ ግን አይደርስም። ዲትኮ እዚህ ጋ አይቸኩልም። ስፓይደርማን ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ እንደገና ይሞክራል። ጉልበቱ ሲመለስ የስዕሎቹ ክፈፍም አብሮ ይሰፋል። በመጨረሻ ማሽኑን ሲያነሳው ሙሉ ገጽ ለእሱ ብቻ። ማንም መጥቶ አላገዘውም።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ዲትኮ አየን ራንድ የምትባለውን ደራሲ ፍልስፍና አጥብቆ የያዘ ሰው ነበር። ሰው በገዛ አእምሮውና በገዛ ጥረቱ ይቁም የሚል። ክፉ ክፉ ነው፣ ደግ ደግ ነው፣ መሃል ሰፋሪ የለም። በ1967 ሚስተር ኤ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። ሰውየው የሚይዛት ካርድ ግማሿ ነጭ፣ ግማሿ ጥቁር ናት። ወንጀለኛው ከከፍታ ሊወድቅ ሲል ሚስተር ኤ አያድነውም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እዚህ ጋ አልከተለውም። እናቴ ሌባ ሲደበደብ አይታ "ኧረ በእመቤቴ፣ የሰው ልጅ ነው!" እያለች መሃል የምትገባ ሴት ናት። ደግሞ የኋላ ኋላ ሥራዎቹ ስብከት ይበዛባቸዋል፤ ጽሑፉ ስዕሉን ይውጠዋል።

ታዲያ ምኑን ነው የምወድለት? ኑሮውን። በ1966 ስፓይደርማን እየገነነ እያለ፣ 38 እትም ስሎ መጽሔቱን የሚያሳትመውን ማርቭልን ለቀቀ። የስፓይደርማንን ጽሑፍ ከሚጽፈው ከአዘጋጁ ከስታን ሊ ጋር ከዓመት በላይ አይነጋገሩም ነበር። ገጹን ስሎ ያስረክባል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ደግሞ በቃ አለ። አልጮኸም። ቃለ መጠይቅ እምቢ፣ ካሜራ እምቢ፤ ሥራዬን እዩት ነው ነገሩ። ደብዳቤ ለጻፈለት አንባቢ ግን በእጁ ጽፎ ይመልስ ነበር።

በጣም የምወዳት ታሪክ አለች። በ1999 ስታን ሊ ዲትኮን የስፓይደርማን አብሮ ፈጣሪ አድርጌ ሁልጊዜም "እቆጥረዋለሁ" ብሎ በይፋ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይቀበላል። ዲትኮ ግን ቃሏ ላይ ቆመ። መቁጠር ማመን አይደለም አለ። እኛም እኮ እናውቀዋለን። "እንደ ልጄ ነው የምቆጥርህ" የሚልህ ሰው ልጁ ነህ አላለህም። ወይ ነው፣ ወይ አይደለም። ግትርነት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ስቄ ነበር።

ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ባለፈው ዓመት አንድ ቤቲንግ ቤት ግድግዳ ላይ ስዕል ሳልኩ። ደመወዙን እዚያ የሚጨርስ የቅርብ ዘመድ አለኝ፤ ቤቱ ምን እንደሚሠራ አሳምሬ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር፣ ሳልኩት። ኳስ የሚመታ ልጅ ነው፣ ከእግሩ ሥር ብር ይበተናል። ስዕሉ ደግሞ ያምራል፣ ችግሩ እሱ ነው። ጥግ ላይ ስሜን አልጻፍኩም። ያን ጊዜ ስሜን መተዌ እንደ አቋም ተቆጥሮልኝ ነበር። በራሴው ተቆጥሮልኝ ማለቴ ነው።

ግድግዳው አሁንም አለ። ታክሲው በዚያ ሲያልፍ ስልኬን አውጥቼ አቀረቅራለሁ።