ወተት ሳንባ አይደርስም

እንደምን አደራችሁ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፋችሁን ትታችሁ የተቀመጣችሁትን ከሁሉ በፊት አመሰግናለሁ። ዛሬ ሚያዝያ 20 ነው፤ የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ቀን። የተሰጠኝ ርዕስ ሰፊ ነው፤ ስለ ማሽኑም፣ ስለ ኤሌክትሪኩም፣ ስለ መሰላሉም እንድናገር ነበር። ግን እኔ 19 ዓመት የኖርኩበት ጽዳት ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከአቃቂ በአንድ ሰርቪስ ተጋፍተን ስንመጣ የኖርን ነን። ስለዚህ የመጣሁበትን ልንገራችሁ። የመጣሁት ስለ ወተት ላወራ ነው።

ኬሚካል የሚነካ ሰው ወተት ይጠጣ ይባላል። ስንቀጠርም ይሉናል፣ ስናስልም ይሉናል። ጓንት ስንጠይቅ እንኳ «ወተት ይሰጣችሁ የለ?» ተብለናል። እኔ ወተትን አልጠላም፤ ይሰጠን፣ ለልጆቻችንም ይዘን እንሂድ። ግን የጠጣነው ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። የተነፈስነው ጋዝ የሚገባው ሳንባ ነው። አይገናኙም።

ይሄን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። ያኔ እዚሁ ቃሊቲ ሌላ ፋብሪካ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ከክፍለ ሀገር መጥታ ተቀጠረች፤ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ሥራ አሳዪአት ተብዬ ከኔ ጋር ነበረች። እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና ሽንት ቤቱ እንዲያበራ ታዘዝን። በረኪናውና አሲዱ ከዕቃ ቤት የሚሰጠን በሃይላንድ ተቀድቶ ነው፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም፣ የምንለየው በክዳኑ ቀለም ነበር። «ሁለቱን ደባልቂው፣ ይበረታል» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ለኔም ስቀጠር እንዲሁ ነበር የነገሩኝ፤ እኔም ለስንቱ እንደነገርኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

መስኮቱ በሚስማር ተመትቷል። የከባድ መኪናው አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ሳለ አንድ ሽታ መጣብኝ፤ በረኪና ነው እንዳልል የባሰ ነው፣ ጉሮሮ አንቆ ይይዛል። በሩን ስከፍት ልጅቷ በጉልበቷ ናት፣ በአንድ እጇ መፈግፈጊያውን እንደያዘች፣ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። ጎትቼ አወጣኋት። ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ። «ወተት ግዙላት» አለ። ሮጬ ከሱቅ ግማሽ ሊትር ገዛሁ፤ ጠጣች፣ አስመለሳት፣ ትንሽ አረፈች። ፊቷ መለስ ሲል ደስ አለን። «ተሻላት፣ ትሂድና ትተኛ» ተባለ፤ እኔው ታክሲ አሳፍሬ ላክኋት። ሌሊት ትንፋሿ ሲቆራረጥ አከራይዋ ናቸው ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሷት። አራት ቀን ኦክስጅን ላይ ነበረች። ተረፈች፣ ተመስገን። ግን ከዚያ ወዲህ የእንጀራ ጭስ እንኳ አይስማማትም ብለውኛል። አገሯ ገባች። መዝገቡ ላይ ስለሷ የተጻፈው «በሕመም ምክንያት ሥራ ለቃለች» የሚል ነው። ሕመም! እኛ አሳመምናት እንጂ ታማ አልመጣችም!

በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ ወታደር የፈጀው ይሄው ጋዝ ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወለል የሚፈገፍግ ሰው ጭንቅላቱ የት ነው ያለው? እዚያው ታች ነው። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይሠራል፤ ጉዳቱ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። እኛ «ተሻላት» ብለን ስንልካት ገና መጀመሩ ነበር። የጨርቅ ማስክም ይሄን ጋዝ አያስቀረውም። ሽታው ከመጣ ሩጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ንጹሕ አየር ውጡ፣ የተነፈሰውን ሰው ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው።

ከፊት የተቀመጣችሁ አለቆቻችን፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ቃሌን ግን አላለሳልስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። አንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ ያቅርብ፣ አጠቃቀሙንም ያስተምር ይላል። ወተት አጠጥቶ ያሰናብት አይልም! ጓንት ስንጠይቅ ወተት አትስጡን። መስኮት ስንጠይቅ ወተት አትስጡን። እዚህ ግቢ ውስጥ በሚስማር የተመታ መስኮት አራት ቆጥሬአለሁ፤ ሦስቱ ሽንት ቤት ናቸው። ሚስማሩ ዛሬ ይነቀል!

ሌላው ሃይላንዱ ነው። በረኪና በውሃ ጠርሙስ አይቀዳ፣ ወደ ቤትም አይወሰድ፤ የተጠማ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ይጠጣዋል። ከጠጣም አታስመልሱት፣ ሲወጣ ዳግመኛ ያቃጥለዋል፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር አይደባለቅ። ኮስቲክ ሶዳውን ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ኮስቲኩ ላይ አታፍስሱ፣ ይፈናጠራል። የተቀደደ ጓንት ፈሳሹን ውስጡ ይዞ እጃችሁን ይልጠዋልና ጣሉት፣ ሌላ ጠይቁ።

ስለ መሰላሉም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ፣ ሌላ ቀን ይሁን። ነገ ጠዋት ከየጓዳችሁ ያለውን ሃይላንድ ሁሉ ወደ ዕቃ ቤት አምጡ፤ ምን እንዳለበት የማታውቁትን አታሽቱት፣ አትክፈቱት። አሁን ደግሞ የክሊኒካችን ነርስ ኬሚካል የገባበት ዓይን 15 ደቂቃ ሙሉ በሚወርድ ውሃ እንዴት እንደሚታጠብ ያሳዩናል። ቧንቧው ከካፌው ጀርባ ነው፤ አዲስ የተቀጠራችሁ ከፊት ሁኑ።